‹‹ሃድ›› ስትሉ ‹‹እህስ?›› ይሏችኋል

እስቲ ወረቀትና እስክሪብቶ አንሱና ይህቺን አጭር ነገር ወደ እንግሊዝኛ መልሱልኝ፤ ‹‹ትናንት ቤትሽ መጥቼ ነበር።›› ጨረሳችሁ? ‹‹አይ ሃድ ካም ቱ ዩር ሃውስ የስተርደይ›› ብላችሁ ከሆነ አይክፋችሁ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። ማታ ማታ እንግሊዝኛ የማስጠናቸው ልጆች፣ ፎርምና ማመልከቻ ይዘው በሬን የሚያንኳኩ የሰፈር ሰዎች፣ ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉትም ጭምር እንደዚሁ ነው የሚጽፉት። ባለ ቋንቋዎቹ ግን ‹‹አይ ኬም ቱ ዩር ሃውስ የስተርደይ›› ብለው ያልፋሉ። በቃ። ሃድ የለችበትም።

‹‹ታዲያ ‹ነበር› የምትለዋ የት ገባች?›› ብላ የተቆጣችኝ ተማሪ አለች። ቁጣዋ እውነት አለው። የኛ ‹‹ነበር›› ሁለት ሥራ ደርባ የያዘች ታታሪ ቃል ናት። አንደኛው ሥራዋ ‹‹ስትደውይልኝ ምሳ በልቼ ነበር›› ስንል ነው፤ መጀመሪያ ምሳው፣ ከዚያ ስልኩ። ሁለተኛው ደግሞ ‹‹መጥቼ ነበር›› ስንል ነው፤ መጣሁ፣ አጣሁሽ፣ ተመለስኩ፣ ትንሽም ቅር ብሎኛል። ያ ሁሉ ቅሬታ በአንዲት ‹‹ነበር›› ውስጥ ታጭቆ ይሄዳል። ፓስት ፐርፌክት የሚሉት፣ ይህ በሃድ የሚሠራው ነገር፣ የሚያገለግለው ለመጀመሪያው ሥራ ነው። ለሁለተኛው ደሞዝ አይከፈለውም። ቅሬታችሁን ማሰማት ካማራችሁ ‹‹ባት ዩ ዌር ናት ዜር›› ብላችሁ በግልጽ መጻፍ ነው።

በሰዋስው ትምህርት ‹‹በልቷል››ን የቅርብ ኃላፊ፣ ‹‹በልቶ ነበር››ን ደግሞ የሩቅ ኃላፊ ብለው ነው ያስተማሩን። እኔ ይህ ‹‹ሩቅ›› የሚለው ስም ብዙ ሰው አሳስቷል ባይ ነኝ። ነገሩ የድሮ ከሆነ ሃድ የሚገባው የሚመስለው ሰው ሞልቷል። እስቲ ድሮ ከተባለ ከድንቅነሽ የባሰ ድሮ ማን አለ? በ1967 ዓ.ም. ሃዳር ላይ የተገኘችው ይህቺው ፈረንጆቹ ሉሲ የሚሏት እናታችን ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው የኖረችው። እንግሊዝኛው ግን ‹‹ሉሲ ሊቭድ አባውት 3.2 ሚሊዮን ይርስ አጎ›› ነው የሚለው። ሃድ የለም! ሃዳር መገኘቷ እንኳን አላማለዳትም። የአድዋም ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው የተካሄደው፤ ‹‹ዘ ባትል ኦፍ አድዋ ቱክ ፕሌስ ኢን 1896›› ይባላል፣ አሁንም ሃድ የለም። በሌላ በኩል ከአምስት ደቂቃ በፊት ያመለጣችሁን ታክሲ አስቡ። ‹‹ዌን አይ አራይቭድ፣ ዘ ታክሲ ሃድ ለፍት››፤ እኔ ስደርስ ታክሲው ሄዶ ነበር። ሦስት ሚሊዮኑ ዓመት ሃድ አላስፈለገውም፤ አምስቷ ደቂቃ ግን አስፈለጋት። ቁም ነገሩ ርቀቱ አይደለም፤ አንዱ ያለፈ ነገር ከሌላው ያለፈ ነገር መቅደሙ ነው።

ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው መለኪያ ከየትኛውም የፈረንጅ መጽሐፍ አልወሰድኩትም። ሰው ወሬ ሲጀምርልን ‹‹እህስ?›› እንል የለ? ሃድ ‹‹እህስ?›› የምታሰኝ ቃል ናት። ‹‹አይ ሃድ ኢትን›› ብላችሁ ዝም ካላችሁ፣ የሰማችሁ ሰው ‹‹እህስ? በልተህ ነበር፤ ከዚያስ ምን መጣ?›› እያለ ዓይን ዓይናችሁን ነው የሚያየው። ስልክ ይደወል፣ እንግዳ ይምጣ፣ መብራት ይጥፋ፣ ብቻ ከመብላታችሁ በኋላ የሆነ አንድ ሌላ ያለፈ ነገር መኖር አለበት። ያ ነገር ቀደም ብላችሁ ያወራችሁት ወይም ቀጥላችሁ የምታወሩት ከሆነ ሃድ ቦታዋ ነው። ከሌለ ትውጣ።

ይህን መለኪያ ይዛችሁ የሥራ ማመልከቻዎችን ብትገልጡ ጉድ ነው። ‹‹አይ ሃድ ግራጁዌትድ ኢን 2019።›› እህስ? ‹‹አይ ሃድ ዎርክድ አዝ አን አካውንታንት ፎር ስሪ ይርስ።›› እህስ? ከዚያ ምን ሆንክ፣ አባረሩህ? ልጁ ምንም አልሆነም፣ ተመረቀ፣ ሠራ፣ በቃ! ‹‹አይ ግራጁዌትድ›› ብሎ ቢጽፍ ማንም ምንም አይጠይቀውም። ግን ሃድ ሲገባባት ነገሯ ከበድ፣ ቢሮ ቢሮ የሚል ይመስለዋል። ለቃለ መጠይቅ ከረቫት እንደሚያስረው ሁሉ ለግሱም ሃድ ያስርለታል።

ፍቅር ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንዱ ጎረምሳ ሁለት ዓመት በልቡ ይዟት ለከረመ ልጅ ድፍረቱን ሰብስቦ ‹‹አይ ሃድ ላቭድ ዩ ፎር ቱ ይርስ›› ብሎ በቴሌግራም ላከላት። እህስ? ሁለት ዓመት ወድጄሽ ነበር፣ ከዚያ ምን ተፈጠረ፣ ወጣልህ? ሊል የፈለገው እስከ ዛሬ እወድሻለሁ ነው፤ እሱ ‹‹አይ ሃቭ ላቭድ ዩ›› ነው የሚባለው። በ‹‹ሃቭ›› እና በ‹‹ሃድ›› መካከል ያለችው ልዩነት ጥያቄ ለማቅረብ በመጣ ሰውና ለመሰናበት በመጣ ሰው መካከል ያለችው ናት።

ይህ ሁሉ የአስተማሪ ነገር ፈላጊነት ለሚመስላችሁ የሰፈራችን ልጅ የገጠመውን ላጫውታችሁ። ልጁ ሠላሳዎቹን ጀምሯል። በለጋነቱ ተጣድፎ አግብቶ በሁለተኛው ዓመት በስምምነት ተፋትተዋል። ፍርድ ቤት ያጸደቀው የፍቺ ወረቀት በእጁ አለ። ፍቺው ካለቀ ከዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ሰርግ ላይ፣ ለእረፍት ከአሜሪካ ከመጣች ልጅ ጋር ተዋወቀ። ተዋደዱ፣ ቀለበት አሰሩ፣ የእጮኛ ቪዛ፣ ‹‹ኬ ዋን›› የሚሉት፣ ሊጀመር ሆነ። ይህ ቪዛ እንግዲህ ሁለቱም ለማግባት ነጻ መሆናቸውን፣ ቀድሞ የነበረ ትዳር ካለም በሕግ መፍረሱን በማስረጃ ማየት ይፈልጋል። ልጅቷም ‹‹እንዴት እንደተዋወቅን በራስህ ቃል ጽፈህ ላክልኝ፣ ከማመልከቻው ጋር አያይዘዋለሁ›› አለችው። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ጻፈ። ከጻፈው መሀል እንዲህ የምትል መስመር አለች፤

‹‹ዌን አይ ሜት ኸር፣ አይ ዳይቮርስድ ማይ ዋይፍ።››

እሱ ሲጽፍ በልቡ ያለው ‹‹ሳገኛት ሚስቴን ፈትቼ ነበር›› ነው። ወረቀቱ ላይ ያረፈው ግን ‹‹ሳገኛት ሚስቴን ፈታሁ›› ነው። ተመልከቱልኝ! ማመልከቻው ላይ ሃድን በማንኪያ የሚዝቅ ሕዝብ የምታስፈልገው ቦታ ላይ ይረሳታል።

ልጅቷ በልጅነቷ ነው የሄደችው። አማርኛዋ የእናት ቤት አማርኛ ነው፤ ጽሑፍ ስታነብ ግን የምታስበው በእንግሊዝኛ ነው። ያቺን መስመር አንብባ ሦስት ቀን ስልኩን አላነሳችም። በአራተኛው ቀን አነሳችና ‹‹እኔን አይተህ ነው እንዴ የፈታሃት? የሰው ትዳር ያፈረስኩት እኔ ነኝ?›› አለችው።

‹‹ኧረ በፊት ነው! ነግሬሽ የለም እንዴ?››

‹‹በአፍህማ ነግረኸኛል። በእጅህ ግን ሌላ ጻፍክ። የቱን ልመን?››

እኔ አልፈርድባትም። ሰው በአፉ ያለውን በእጁ ጽፎ ሲያፈርሰው የተጻፈው ነው የሚታመነው። ጓደኞቿም ‹‹አገር ቤት ያለ ወንድ ነገር፣ ተጠንቀቂ›› እያሉ ሲነዘንዟት የቆዩ ናቸው። ያቺ መስመር ደግሞ እነሱ ሲጠብቋት የነበረች መስመር ናት። ማመልከቻውን የሚያየው ሠራተኛም ቢሆን የፍቺው ወረቀት አንድ ነገር፣ የልጁ ጽሑፍ ሌላ ነገር ሲሉ ቢያገኛቸው ‹‹ይቺ ነገር እንዴት ናት?›› ቢል አይፈረድበትም።

ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሯል። ‹‹ቲቸር፣ እስቲ እዚህ ላይ ምኑ ነው ሰው የሚያስቀይመው? ስፔሊንጉን እንኳን አይቼዋለሁ›› አለኝ። እስክሪብቶ አነሳሁና በሁለቱ ቃላት መሀል ጨመርኩበት፤ ‹‹ዌን አይ ሜት ኸር፣ አይ ሃድ ኦልረዲ ዳይቮርስድ ማይ ዋይፍ።›› ትክ ብሎ አያት። ‹‹በዚህች ነው?››

‹‹በዚህች ነው።››

ስልኩን አውጥቶ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ላከላት። መልሷ የመጣው እኔ ቡና ሳላስቀርብ ነው። ምን እንዳለች አላነበበልኝም፤ ግን ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ትንሽ ቆየ።

ለማመልከቻው ግን ሌላ ነገር ነው ያጻፍኩት። ‹‹ማይ ፈርስት ማሬጅ ኢንድድ ኢን 2019። አይ ሜት ማይ ፊያንሴ ኢን 2021።›› ልብ በሉ፣ ሃድ የለችም። ዓመቱ ራሱ የቱ እንደሚቀድም ስለሚናገር ታስፈልጋለች የሚል የለም። ቪዛ፣ ገንዘብና ፍርድ ቤት ያለበት ወረቀት ላይ እኔ ከሃድ ይልቅ ቀን ነው የማምነው። ደግሞ የፍቺው ወረቀት ላይ ያለው ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው፤ እሱን እንዳለ 2011 ብሎ ቢገለብጠው ኖሮ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ገና ሳያገባ የፈታ ሰው ይሆን ነበር። ይህን በሃድ ማስተካከል አይቻልም።

‹‹ታዲያ መቼ መቼ ነው የማልጽፋት?›› የምትሉ ትኖራላችሁ። ዓመቱ ካለ ብለናል። ‹‹ቢፎር›› እና ‹‹አፍተር›› ካሉም እነሱ ራሳቸው ቀዳሚውንና ተከታዩን ይለያሉ። ‹‹አፍተር ሂ ኤት፣ ሂ ዌንት ሆም›› ቢባል ማንም አይሳሳትም፤ አሜሪካኖቹማ በወሬያቸው አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው የሚሉት። ችግሩ እኛ ሃድን የተማርነው በዚያው በ‹‹አፍተር›› ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ‹‹አፍተር ሂ ሃድ ኢትን›› እየተባለ፣ ባዶ ቦታ እየሞላን አደግን። እሱም ትክክል ነው፣ ስህተት የለበትም። እና ፈተና ላይ ‹‹አፍተር›› ካያችሁ፣ ከምርጫዎቹም ውስጥ ሃድ ካለች፣ ከአስተማሪ ጋር ክርክር አትግጠሙ፤ አክብቡና እለፉ። ለፈተና ሌላ፣ ለኑሮ ሌላ ነው።

በቅደም ተከተል ሲወራም አታስፈልግም። እኛ ‹‹ተነስቼ፣ ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ ወጣሁ›› ስንል ግሶቹ እንደ መቁጠሪያ በክር ተሰክተው ነው የሚመጡት። ብዙ ተማሪ ይህንን ሲመልስ ከ‹‹ወጣሁ›› በፊት ያሉትን ሁሉ ሃድ ያስታጥቃቸዋል። አያስፈልግም፤ ‹‹አይ ጋት አፕ፣ ዎሽድ፣ ሃድ ብሬክፋስት ኤንድ ለፍት›› ነው። እዚህ ያለችው ሃድ ሌላ ናት፤ ቁርስ ‹‹በላሁ›› ናት። እንዲህ ነው እንግዲህ ሰው የሚያምታቱት። ሁለቱ ሃዶች ሲገናኙማ ጭራሽ የማተሚያ ቤት ስህተት ይመስላል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ሲያሸንፍ ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ነበር። እንግሊዝኛው ‹‹ሂ ሃድ ሃድ አን ኦፐሬሽን›› ነው። ሁለት ሃድ። አንዷን እንዳትሰርዙ፤ አንዷ ‹‹ነበር›› ናት፣ ሁለተኛዋ ‹‹አድርጎ›› ናት።

‹‹ፊልም ላይ እኮ ሃድ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም›› ያለኝም አለ። ይሏታል፣ ግን ይውጧታል። ‹‹ሺድ ጎን››፣ ‹‹አይድ ሲን›› ሲሉ ያቺ በጥርስ መሀል የምትቀረው ‹‹ድ›› እሷ ናት። ‹‹አይድ ጎ›› ሲሉ ግን ሃድ ሳትሆን ‹‹ዉድ›› ናት። የምትለዩት ቀጥሎ በሚመጣው ግስ ነው፤ ‹‹ጎን›› ከሆነ ሃድ፣ ‹‹ጎ›› ከሆነ ዉድ።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ልምጣ፤ ወደ ‹‹ኖሮ››። እዚህ ላይ ሃድ መቅደምና መከተል መቁጠሩን ትታ በር ዘጊ ትሆናለች። ‹‹ባውቅ ኖሮ አልመጣም ነበር››፤ ‹‹ኢፍ አይ ሃድ ኖን፣ አይ ዉድንት ሃቭ ካም።›› አላወቅኩም፣ መጣሁ፣ አለቀ። የሚለወጥ ነገር የለም። ‹‹ባውቅማ እነግርህ ነበር›› ሲባል ግን አሁንም ስለማላውቀው ነገር ነው፤ ‹‹ኢፍ አይ ኒው፣ አይ ዉድ ቴል ዩ።›› ሃድ የለችም፣ በሩም ገርበብ እንዳለ ነው፤ ዛሬ ማታ ባውቅ ዛሬ ማታ እነግርሃለሁ። አማርኛችን እዚህ ላይ ያወዛግባል። ሁለቱም መጨረሻ ላይ ‹‹ነበር›› ይላሉ። ‹‹ብትጠይቀኝ እሺ እል ነበር›› ያለች ልጅ ነገሩ አልፏል ማለቷ ይሁን ገና ነው ማለቷ፣ በድምጿና በዓይኗ ካልሆነ አታውቁትም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ዓይን የለም።

ባንክ የምትሠራ ተማሪ አለችኝ፣ ዝምተኛ ናት። አብሯት ሲሠራ የነበረ ልጅ ወደ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ተዛወረና ከዚያ ሆኖ ‹‹ሻይ ልጋብዝሽ ዓመት ሙሉ እያሰብኩ ፈርቼ ቀረሁ›› ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈላት። በእንግሊዝኛ ሲሆን አያሳፍርም፣ የናንተው ዘመን ብልሃት ነው። እሷም መልስ ልትጽፍ ፈልጋ ከትምህርቱ በኋላ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀች። ደብተሯ ላይ ሁለት መስመር ጽፋለች።

‹‹ኢፍ ዩ ሃድ አስክድ ሚ፣ አይ ዉድ ሃቭ ሴድ የስ።››

‹‹ኢፍ ዩ አስክድ ሚ፣ አይ ዉድ ሴይ የስ።››

‹‹የትኛው ነው ትክክል?›› አለችኝ።

‹‹ሁለቱም። የመጀመሪያው ‹ሳትጠይቅ ቀረህ፣ አመለጠህ› ነው። ሁለተኛው ‹ጠይቀኝ› ነው።››

ደብተሩን ዘጋችና ‹‹እኔ እኮ በአማርኛ ሳስበው አንድ ነው›› አለች። ልክ ናት፣ አንድ ነው። ‹‹እንግሊዝኛው ግን ካላስመረጠ አያልፍም። አንቺ የቱን ነው ልትዪው የፈለግሽው?›› ብላት መልስ አልነበራትም። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

በሳምንቱ ማክሰኞ መጣችና የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ትምህርቱ ሲያልቅ በበሩ ስታልፍ ቀስ ብላ ‹‹ቲቸር፣ ሃዷን አወጣኋት›› አለችኝ።